ጠብ ያለበት ሰው

አገሬን በስሟ አልጠራትም። ብጠራት «ምን ፈልገሽ ነው የጠራሽኝ?» ብላ ከእግር እስከ ራሴ መቃኘቷ አይቀርም፤ ጠርጣራ ናት። ቆላ መሆኗን ግን እናገራለሁ። ፀሐይዋ ከማለዳ ጀምራ አናት ላይ የምትቀመጥ፣ ጥላዋ ሥር ደግሞ የተሾመ ሰው ብቻ የሚቀመጥባት አገር ናት።

በከተማችን አደባባይ መሐል አንድ ድንጋይ ቆሟል። ማን እንዳቆመው የሚያውቅ የለም። ድንጋዩ ላይ «በአደባባይ ጠብ ያለበት ሰው አይቁም» ተብሎ ተቀርጿል። እንግዲህ ፊደላችን ቃሉ ጠብቆ ይነበብ ላልቶ አይናገርም፤ ያንን የሚያውቀው አንባቢው ነው። በኛ አገር ደግሞ ማንበብ ሹመት ነው። ሹሙ ምክትል አንባቢ ባያብል ይባላሉ፤ ሥራው ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባትም ልጅም ያገኙትን ሁሉ አጥብቀው ያነባሉ፤ አላልቶ ማንበብ የላላ ሰው ሥራ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ «ጠብ» የምትለዋን ቃል ጠበቅ አደረጓት፤ ውኃ ጠብ ሲል እንደምንለው። ሕጉም በዚያው ጸና፦ ላብ ጠብ ያለበት ሰው አደባባይ ላይ አይቆምም።

ለምን «ምክትል» ተባሉ የሚል ይኖራል። ዋና ስለሌለ ነው። ወንዛችን ዳር የተተከለ አሮጌ ሰሌዳ «ዋና ክልክል ነው» ይላል። የድሮ ሰዎች ልጆቻቸውን ወንዝ እየወሰደባቸው ቢቸገሩ ያቆሙት ነው። የባያብል አባት ይህንንም አጥብቀው አነበቡት። ያን ቀን ጧት ዋና አንባቢ ሆነው ከቤት የወጡት ሰውዬ ምክትል አንባቢ ሆነው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በአገሩ ሹም ሁሉ ምክትል ነው። ወንዙ ውስጥ ግን የፈለገ ይዋኛል።

አደባባዩ በገመድ የታጠረ ነው፤ መግቢያው ላይ ምክትል ግንባር ዳሳሽ እትዬ ሸጊቱ ይቀመጣሉ። በነጭ ሻሽ የገቢውን ግንባር፣ የላይኛውን ከንፈር፣ በመጨረሻም መዳፉን ጫን ያደርጉና ሻሹን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያያሉ። ከረጠበ «ጠብ አለብህ፣ ተመለስ» ነው። የተመለሰ ሰው አይከስም፣ አይመሰክርም፣ የአባቴ መሬት ይገባኛል አይልም። ከገመዱ ውጭ፣ የአህዮች መጠጫ ገንዳ አጠገብ፣ ከእርጥቦቹ ጋር ቆሞ መስማት ግን አልተከለከለም።

በዚህ ምክንያት አገሩ የራሱን ጠባይ አወጣ። ቀስ ብሎ መራመድ የጨዋ ልጅነት ምልክት ሆነ፤ መሮጥ እንደ መናዘዝ ተቆጠረ። አንድ ጊዜ የአንድ ባለጠጋ ጎተራ ሲቃጠል ጎረቤት ሁሉ ባልዲውን አንጠልጥሎ በዝግታ መጣ። ሲደርሱ አመዱ ቀዝቅዞ ነበር። ባለጎተራውም ስለ ጨዋነታቸው አመስግኖ ሸኛቸው። የሚያርስ፣ የሚሸከም፣ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው አደባባዩን የሚያውቀው ከሩቅ ነው። ስለ ማረስና ስለ መሸከም የሚመክሩት ጥላ ሥር የዋሉት ናቸው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ያለ የለም። ድንጋዩ ነው ያለው።

የቀረው ሰው እርስ በርሱ ይጠባበቃል። አማት ምራቷን እጇን ይዛ ስትስም መዳፏን እየመዘነች ነው። ባል ሚስቱን ሲያቅፍ ብብቷን እያሸተተ ነው። እጅ መጨባበጥ ሰላምታ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን ምርመራ ነው።

እኔ አንጓች እባላለሁ። ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አዋጅና ከስኳር ጆንያ ላይ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እንድትጠነቀቁ ነው። አደባባይ ግን ገብቼ አላውቅም። መዳፌን ያልበኛል። ፀሐይ ወጣች አልወጣች፣ ሰው በክፉ ዓይን ካየኝ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ይንጠባጠባል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሲጠረጥሩህ ያልብሃል፤ ሲያልብህ ይጠረጥሩሃል። እትዬ ሸጊቱ «እርጥብ ነሽ» የሚሉኝ ሻሹን ሳያስነኩኝ በፊት ነው።

ወንድሜ ጥላዬ ሌላ ፍጥረት ነው። ፀጉሩ እንደ አራስ ልጅ የሳሳ፣ ጥርሱ ጥቂትና የሾለ ነው። የሰፈር ልጆች «ምስማር» ይሉታል። ልጅ ሳለ ፀሐይ ላይ ጥቂት ከሮጠ ፊቱ ፍም መስሎ ይወድቅ ነበር። እናታችን ሸሚዙን ውኃ ነክራ ታለብሰዋለች፤ ሲደርቅ እንደገና ትነክረዋለች፤ በጋው እንዲህ ይገፋል። ሰፈሩ ደግሞ «የምን እድፍ ቢሆን ነው ታጥቦ ታጥቦ የማይለቀው?» እያለ ይጠረጥራል።

አንድ በጋ እናቴ ሁለታችንን ይዛ ድንበር ተሻገረችና ወደ አንድ ሐኪም ወሰደችን። ሐኪሙ የሁለታችንንም ጀርባ አዮዲን ቀባ፤ ሲደርቅ ነጭ የበቆሎ ዱቄት ነሰነሰበትና ፀሐይ ላይ አስቀመጠን። ትንሽ እንደቆየን የኔ ጀርባ በጥቁር ነጠብጣብ ተወረረ። ዱቄቱና አዮዲኑ ላብ ሲነካቸው ይጠቁራሉ፤ እያንዳንዷ ነጥብ ላብ ብቅ ያለባት ቀዳዳ ናት። የጥላዬ ጀርባ ግን እንደተቀባ ቀረ። አንዲት ነጥብ አልወጣበትም።

«ልጅሽ የላብ ዕጢ የለውም» አላት ሐኪሙ። «ሌላው ሰው ቆዳው ሥር በሚሊዮን የሚቆጠር አለው። እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ታችኛው ጫፉ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ገላ ሲግል ዕጢው ከደም ውኃና ትንሽ ጨው ይቀዳና ወደ ላይ ይልካል። ውኃው ቆዳ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። አንቺ በሸሚዝ የምታደርጊለትን ሰው ሁሉ በራሱ ገላ ያደርገዋል።»

«ታዲያ ለምን ይሸታል?» አለች እናቴ፤ የኛ አገር ሰው ናታ።

«ሲወጣ አይሸትም። የብብት ዕጢ የተለየ ነው፤ ወፈር ያለ ላብ በፀጉሩ ሥር በኩል ያወጣል፣ የሚጀምረውም ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ነው። እሱንም ቢሆን የሚያሸቱት ቆዳ ላይ ያሉ ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው፤ ሲበሉት።»

«የዚችስ እጅ?» ብላ መዳፌን ገልብጣ አሳየችው።

«የመዳፍ ላብ ከፀሐይ ይልቅ ልብን ነው የሚሰማው። ፍርሃት ይሁን፣ ጭንቀት ይሁን፣ ንዴት።» ወደኔ ዞረ። «አንቺን ምን ያናድድሻል?»

«ሰው» አልኩት።

እናቴ ከሞተች በኋላ ሸሚዝ መንከር የኔ ሥራ ሆነ።

ጥላዬ ዕድሜው ሲደርስ፣ ወንድ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ አደባባይ ቀረበ። የዚያን ቀን ሙቀቱ ምክትሎቹን ሳይቀር ያቅበጠበጠ ነበር። እትዬ ሸጊቱ ግንባሩን ጫኑ፤ ሻሹ ደረቅ ነው። መዳፉን ጫኑ፤ ደረቅ።

«ምን ተቀብተህ ነው?» አሉት።

«ምንም።»

«አመድ ነው? ጠመኔ ነው?»

«ኧረ ምንም አልተቀባሁም፣ እትዬ።»

«ምንም ያልተቀባ ሰው ሁለቴ ምንም አይልም» ብለው ፊቱን አስታጠቡት። አደረቁት፣ ደግመው ጫኑት። አሁንም ደረቅ። ቀጥለው ፍም አጠገብ አስቀመጡትና ዙሪያውን ቆመው ጠበቁ። ፊቱ ሲቀላ ምክትል አንባቢ ባያብል «ትሑት ነው፤ ብዙ ዓይን ሲያርፍበት ያፍራል» አሉ። በማግስቱ «ምክትል ንጹህ» ተብሎ ተሾመ። ሁለት ሰው ሲካሰስ እሱ ወደ አንዱ ከጠቆመ ክርክሩ አለቀ፤ የደረቀ ሰው አይዋሽማ።

ጥላዬ ደስ አለው። በቀዝቃዛው ጧት ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ «ምስማር» ይሉት የነበሩት ጉልበቱን ይስማሉ። ቤት ሲገባ እኔ ሸሚዙን እነክራለሁ፤ እሱ እጄን እያየ «መስኮቱን ዝጊ፣ ሰው ያያል» ይለኛል። የተሾመ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው መስኮቱን ነው።

ነገሩ የከፋው የድርቀት በዓል ሲቃረብ ነው። አዎ፣ የድርቀት በዓል ነው የሚባለው፤ ስሙን ሲያወጡ ሐኪም አላማከሩም። በበዓሉ ቀን አንድ ሰው የሱፍ በርኖስ ደርቦ፣ ድንጋዩ አጠገብ፣ ጥላው እግሩ ሥር ከገባበት ጀምሮ ተመልሶ እስኪረዝም መቆም አለበት። እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚቆም ሰው ስላልተገኘ በርኖሱን እንጨት ላይ ሰቅለው ያከብሩ ነበር። አሁን ሰው አገኙ።

«አትቁም» አልኩት። «ታመምኩ በላቸው።»

«ንጹህ ሰው አይታመምም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት፤ ባለፈው ሳምንት በአደባባይ። ተጨብጭቦልኛል።»

«ጥላዬ፣ ፀሐዩ ይገድልሃል። የምታበርድበት ነገር የለህም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ቀንተሽ ነው» አለ። «አንቺ ያንን ገመድ አልፈሽ አታውቂም። እኔ መሐሉ ላይ ልቆም ነው።»

«መሐሉ ላይ ልትደፋ ነው።»

«ልደፋ። ምስማር ተብዬ ከምከርም ንጹህ ተብዬ ብደፋ አይሻለኝም?»

ከዚህ በላይ ማን ይመክረዋል። ተነሥቼ ምክትል አንባቢ ባያብል ቤት ሄድኩ። እልፍኛቸው ውስጥ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውኃ የሞላው ሳፋ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል።

«ይሄ አደባባይ አይደለም» አሉኝ፤ እኔ ገና ስለ ሳፋው ምንም ሳልናገር።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ በስሕተት ነው የሚነበበው» አልኳቸው። «ጠብ የሚለው ላልቶ ነው። ጥል ማለቱ ነው። የተጣላ ሰው አደባባይ ላይ አይቁም፣ ቂም ይዞ አይፍረድ ነው የሚለው።»

«በሩን ዝጊው።» ዘጋሁት። «ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም።»

«ማንም የማን ወገን ነው?»

«ጋሼ፣ ማንም ማለት…»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል።» ውኃውን በእግራቸው ቀስ አድርገው አማሰሉት። «አውቃለሁ፣ ልጄ። አባቴም ያውቁ ነበር። ግን ላልቶ ከተነበበ አደባባዩ ላይ ማን ይቀራል? እኔና ሸጊቱ በአንድ የአጥር ምሰሶ ከተኳረፍን ስንት ክረምት ሆነን። ምክትል ሚዛን ጠባቂው ከወንድሙ ጋር አይነጋገር። ያልተጣላ ሰው ፈልጊና አምጪልኝ፣ ዛሬውኑ አላልቼ አነባለሁ። ላብ ይሻላል። ላብ ይጠረጋል።»

«እሺ ድንጋዩ ይቅር። ወንድሜን ግን ይተዉልኝ። እሱ ላብ የለውም፤ በርኖስ ደርቦ ፀሐይ ላይ ከቆመ ይሞታል።»

«ላብ የሌለው ሰው ሲሞት አይቼ አላውቅም» አሉ በርጋታ። «የቀበርናቸው ሁሉ የሚያልባቸው ነበሩ።»

«ላብ የሌለው እኮ እሱ ብቻ ነው!»

«እሱ ደግሞ አልሞተም። አየሽ?» እግራቸውን ከሳፋው አወጡ፤ ውይይቱ አለቀ ማለት ነው። በሩ ላይ ስደርስ «እህቱ ነሽ አይደል?» አሉኝ። «እኔ ዘመድ ሲያስጠነቅቅ እጠረጥራለሁ።»

በዓሉ ደረሰ። ምክትሎቹ ድንኳን ሥር ተደረደሩ። ጥላዬ በርኖሱን ደርቦ ድንጋዩ አጠገብ ቆመ፤ ጥቂት ጥርሶቹን እያሳየ ፈገግ አለ። እኔ ከገመዱ ማዶ፣ ገንዳው አጠገብ፣ ከእርጥቦቹ ጋር ነበርኩ። ጎኔ የቆመው ድንጋይ ፈላጭ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ «እንዴት ነው እሱን የማያልበው?» አለ።

«ንጹህ ነዋ» አለው ሌላው።

«ምን ንጹህ። የሆነ ቦታ እያጠራቀመው ነው።»

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። የጥላዬ ፊት መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ፤ ቀጥሎ ዓይኑ መርገብገብ ተወ። ወደ ግራ ዘንበል አለና ተመለሰ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሸሚዜን» አለ። «እማዬ፣ ሸሚዜን።»

ሕዝቡ ወደ ድንኳኑ ዞረ። ምክትል አንባቢ ባያብል ተነሡና «ሸሚዝም አያስፈልገኝም ማለቱ ነው» ብለው ተረጎሙ። ተጨበጨበ።

ባልዲውን ከገንዳው ሞልቼ በገመዱ ሥር ሾልኬ ሮጥኩ። የከለከለኝ የለም። ሊከለክለኝ የፈለገ ሁሉ እኔን ለመድረስ መሮጥ ነበረበት፤ ማን ይሮጣል? ምክትል ሥርዓት አስከባሪው በክብር እየተራመዱ ሲከተሉኝ እኔ ደርሼ ውኃውን ከአናቱ ጀምሬ ደፋሁበት። ጥላዬ እንደ ሰጠመ ሰው አየር ሳበ። ጉልበቱ ታጥፎ ድንጋዩን ተደገፈ። ውኃው ከበርኖሱ ጫፍ ይወርዳል።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ ምክትል አንባቢው።

«እያበረድኩት ነው። ሊሞትብኝ ነበር።»

እርጥቦቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሰው ወንድሙን ለማብረድ ብሎ ሹመቱን አይደፋም፤ ከበስተኋላው አንድ ነገር አለ።

«ውኃው የሷ ነው» ብለው ፈረዱ ባያብል። «ሰውዬው ንጹህ ነው። አድርቁትና ይቀጥል።»

ሁለት ሰዎች ፎጣ ይዘው መጡ። እንግዲህ ከደረቀና መልሰው ካቆሙት ጥላው ሳይረዝም እንደሚደፋ አውቃለሁ። ዙሪያዬን አየሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እኔን እያየ ነው፤ የሚያየው ግን የተናገርኩትን አይደለም፤ የደበቅኩትን ነው የሚፈልገው። የሌለኝን ሰጠኋቸው።

«እሺ፣ ልናዘዝ» አልኩ። «አልቦት ነው።»

ፎጣ የያዙት ሰዎች ቆሙ።

«ከገመዱ ማዶ ሆኜ አየሁት፤ ጆሮው ሥር ጠብ ሲል። የኛ ቤት እንዳይዋረድ ብዬ ነው ውኃ የደፋሁበት፤ ላቡ ከውኃው ጋር ተደባልቆ እንዲጠፋ።»

አገሩ በሙሉ ተነፈሰ። እውነቱን ያልዋጠው ሕዝብ ይህችን በአንድ ጉርሻ ዋጣት። ድንጋይ ፈላጩ «እያጠራቀመው ነው ብያችሁ ነበር» ሲል ሰማሁት። እትዬ ሸጊቱ መጡና ሻሻቸውን ጥላዬ ጆሮ ሥር ጫኑ። ረጠበ፤ አንድ ባልዲ ውኃ ነው። ምክትል አንባቢው «የውኃ ወይስ የላብ?» ሲሏቸው፣ እትዬ ሸጊቱ ሻሹን በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት።

«ጨው አለው» አሉ።

የከተማውን ሁሉ ግንባር ሲጠርግ የከረመ ሻሽ ጨው ባይኖረው ነበር የሚደንቀው። ግን ባያብል አንገታቸውን ደፉ። በርኖሱ ተገፈፈ፤ እሱ በላቡ፣ እኔ በመሸሸጌ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከከተማው እንድንወጣ ተፈረደ።

ጥላዬ ሁሉን ሰምቷል። በውኃው ነፍሱ መለስ ብላለት ነበርና በዚያች ሰዓት እኔን ያየበትን ዓይን አልረሳውም። ወንዙ ዳር፣ አንድ ሾላ ሥር ስንቀመጥ «አዋረድሽኝ» አለ።

«አዎ።»

«ሰው ፊት ዋሽተሽ።»

«እውነቱንማ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ሸሚዝህን አምጣ።»

አመጣ ማለት አልችልም፤ አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። ነክሬ ሰጠሁት። ፊቱን አዙሮ ለበሰ።

ፀሐይ ስትበርድ ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሁለት አህያ ጨው የጫነ ነጋዴ ወደ ከተማችን ሲወርድ አገኘን። የማያውቀን፣ የማናውቀው ሰው ነው። ግንባሩ ጠብ ጠብ ይላል፤ ደረቱ ድረስ ወርዷል፤ እሱ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ባዶ እጃችንን አይቶ ቆም አለ።

«በደህና ነው ከዚያ የወጣችሁት?»

«ተባረን ነው» አልኩት።

«ምን አጥፍታችሁ?»

አፌን ልከፍት ስል ጥላዬ ቀደመኝ።

«አልቦኝ» አለ።

ነጋዴው ግንባሩን በእጅጌው ጠረገና ሳቀ። «ላብማ የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ በዚህ ሰው ይባረራል?»

«የኔ ባሰ» አለ ወንድሜ። ከሸንጎው ፊት እንኳ ደረቱን እንዲህ ነፍቶ አይቼው አላውቅም። «ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ በርኖሱ እስኪርስ። ሕዝብ በሙሉ ነው ያየው።»

ነጋዴው የወንድሜን የደረቀ ፊት፣ የደረቀ አንገቱን፣ በዚያ ዳገት ላይ አንዲት ጠብታ ያልወጣበትን ግንባሩን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ጠርጥሮ ወደኔ ዞረ።

«እውነቱን ነው?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት» አልኩት።